የጋዝ ማሞቂያና ሁለቱ አየሮች፦ ጭሱ ወደ ቤት እንዳይመለስ ምን ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው የጥቅምት ብርድ ሚኒያፖሊስን፣ ዴንቨርን ወይም ካልጋሪን ሲነካ፣ ሞቃቱን ወራት ጸጥ ብሎ የከረመ አንድ የብረት ሳጥን በየቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ይነቃል። በሰሜን አሜሪካ ኑሯቸውን የመሠረቱ ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ሶማሌዎች በእንግሊዝኛ ስሙ "ፈርነስ" የሚሉት የጋዝ ማሞቂያ ነው። ቴርሞስታቱ ላይ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ይበቃል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በወለሉ ወይም በግድግዳው ፍርግርግ በኩል ሞቃት አየር ይወጣል። እሳቱን የሚያይ ግን የለም።

በምሥራቅ አፍሪካ ላደገ ሰው እሳት በዓይን የሚጠበቅ ነገር ነው። ከሰል ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለፈለት በኋላ ወደ ቤት ይገባል፤ ራሱን ያመመው ሰው "ከሰሉ አፈነኝ" ብሎ በርና መስኮት ይከፍታል። በፈርነስ ውስጥ ያለው እሳት ግን የተሸሸገ ነው። የሚጠበቀውም በዓይን ሳይሆን በመሣሪያው አሠራር ነው። ይህ አሠራር በአንድ ደንብ ላይ የቆመ ነው፦ በማሞቂያው ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር ያልፋል፤ ሁለቱ ፈጽሞ መገናኘት የለባቸውም።

ሁለት አየር፣ ሁለት ማራገቢያ

የመጀመሪያው አየር ነዋሪው የሚተነፍሰው ነው። ከየክፍሉ በመመለሻ ቱቦ ወደ ማሞቂያው ይሳባል፣ በፊልትሮ ውስጥ ያልፋል፣ ሞቆም ወደ ክፍሎቹ ይመለሳል። ይህን የሚያንቀሳቅሰው ብሎወር የሚባለው ትልቁ ማራገቢያ ነው። ሁለተኛው አየር የሚቃጠለው ነው። ከጋዙ ጋር ተቀላቅሎ ይነዳል፣ ጭስ ሆኖም በተለየ ቱቦ ከቤት ውጭ ይጣላል። ይህኛውን በዘመናዊ ማሞቂያ የሚስበው ኢንዱሰር የሚባል ትንሽ ማራገቢያ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ድንበር ሙቀት ማስተላለፊያ የሚባል ስስ የብረት ክፍል ብቻ ነው። እሳቱ በውስጡ ያልፋል፣ የቤቱ አየር ደግሞ በውጭው ገጽ ይነፍሳል። ሙቀቱ ብረቱን ይሻገራል፤ ጭሱ አይሻገርም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በኒው ጀርሲ ትኖር የነበረችው ጥቁር አሜሪካዊት አሊስ ፓርከር እ.አ.አ. በ1919 የፈጠራ መብት ያገኘችበት የጋዝ ማሞቂያ ንድፍም ቀዝቃዛ አየር ስቦ፣ በሙቀት ማስተላለፊያ አሙቆ፣ በቱቦዎች ወደየክፍሉ የሚልክ ነበር።

ዛሬ ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲጠይቅ ሥራው በቅደም ተከተል ይካሄዳል። ኢንዱሰሩ ቀድሞ ይነሣና በውስጥ የቀረ ጋዝና ጭስ ካለ ጠርጎ ያወጣል። የጭስ መስመሩ ክፍት መሆኑን የሚያረጋግጥ የግፊት ማብሪያ አለ፤ ቱቦው ከተዘጋ ይህ ማብሪያ ስለማይገናኝ ቀጣዩ እርምጃ አይፈቀድም። ከተገናኘ በኋላ ማቀጣጠያው ግሎ ይቀላል፣ የጋዙ ቫልቭ ይከፈታል፣ ነበልባሉም ይያያዛል። ነበልባል መኖሩን የሚያውቅ ትንሽ ዘንግ በሰከንዶች ውስጥ ምልክት ካልሰጠ ጋዙ መልሶ ይዘጋል። ብሎወሩ የሚነሣው ብረቱ ከሞቀ በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ዘግይቶ ነው፤ አለዚያ ነዋሪው ላይ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር ይሆን ነበር። እሳቱ ከጠፋ በኋላም የቀረውን ሙቀት ለመጠቀምና ብረቱን ለማቀዝቀዝ ለጥቂት ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል።

ማሞቂያው "እምቢ አለ" ሲባል ብዙ ጊዜ የሆነው ከእነዚህ ጠባቂዎች አንዱ ሥራውን መሥራቱ ነው። በዚህ ሳቢያ ከሁሉ የከፋው ጥገና ቤቱ እንዲሞቅ ብቻ ተብሎ የግፊት ማብሪያውን በሽቦ አገናኝቶ ማለፍ ነው። ማሞቂያው ይነሣል፤ የጭሱ መንገድ መዘጋቱን የሚናገር ግን አይኖርም።

የማይሸተው ጋዝ

በሰዓት 80,000 ቢቲዩ ጋዝ የሚያነድ ማሞቂያ በሰሜን አሜሪካ ቤቶች የተለመደ ነው። ይህ በሰዓት 80 ኪዩቢክ ጫማ ያህል የተፈጥሮ ጋዝ ማለት ሲሆን፣ ያንን በሙሉ ለማንደድ ቢያንስ 800 ኪዩቢክ ጫማ፣ ማለትም ከ22 ሜትር ኩብ በላይ አየር ያስፈልጋል። ቃጠሎው የተሟላ ሲሆን የሚወጣው በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ነው። አየር ሲያጥረው፣ ወይም ጭሱ መውጫ አጥቶ ተመልሶ ነበልባሉን ሲያፍነው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጠራል።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ ጉሮሮም አይከረክርም። ከደም ሄሞግሎቢን ጋር ለመጣበቅ ያለው ኃይል ከኦክስጅን በ200 እጥፍ ይበልጣል፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ቢመስልም አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ራስ ምታት፣ መፍዘዝ፣ ማቅለሽለሽና ድካም ምልክቶቹ ናቸው፤ ትኩሳት የሌለው ጉንፋን ይመስላል። ሰውየው ከቤት ሲወጣ ቢሻለው፣ ሲመለስ ቢያመው፣ ወይም ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ቢታመም ጉንፋን ነው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እንደሚለው፣ ከቃጠሎ አደጋ ጋር ባልተያያዘ ድንገተኛ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ በየዓመቱ ከ400 በላይ ሰዎች በአገሪቱ ይሞታሉ፤ ከ100,000 በላይ የሚሆኑት ደግሞ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ክፍል ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ የሚደባለቁ ሁለት ነገሮች አሉ። የጋዝ ኩባንያዎች ሳይቃጠል የሚያፈተልከው ጋዝ እንዲታወቅ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይጨምሩበታል። "ጋዝ ሸተተኝ" የሚል ሰው የሚናገረው ስለዚህ ነው። ከተቃጠለ በኋላ የሚወጣው መርዝ ግን ያ ሽታ የለውም፤ ስለዚህ "ምንም አይሸትም" የሚለው ቃል ለጭስ መውጫው ምስክር አይሆንም። ከሰልም እንዲሁ ነው፦ ፍም ሆኖ ጭሱ ሲጠፋ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አልጠፋም።

የጭስ መውጫው እንዴት ይተከላል?

መልሱ በማሞቂያው ዓይነት ይለያያል። ከጋዙ ሙቀት 80 በመቶ ያህሉን ለቤቱ የሚያደርሰው የቀድሞው ዓይነት ጭሱን ትኩስ አድርጎ ይለቃል። ይህ ጭስ የሚወጣው በብረት ቱቦ ወደ ላይ፣ በጣሪያ በኩል ነው። ባለ አንድ ግድግዳ ቱቦ ከእንጨትና ከሌላ ተቀጣጣይ ነገር ቢያንስ 6 ኢንች፣ ማለትም 15 ሴንቲ ሜትር መራቅ ሲኖርበት፣ ባለ ሁለት ግድግዳው "ቢ ቬንት" ግን 1 ኢንች ይበቃዋል።

ከ90 በመቶ በላይ የሚያደርሰው ዓይነት ከጭሱ ላይ ሙቀቱን እስከ መጨረሻው ስለሚቀማ እንፋሎቱ ወደ ውሃ ይለወጣል። 80,000 ቢቲዩ ጋዝ ሲነድ ከ3 ሊትር የበለጠ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል፤ ከዚህ ብዙው እዚያው ማሞቂያው ውስጥ ይጠራቀማል። ውሃው አሲድነት ስላለው ተራ ብረትን ይበላል። የዚህ ዓይነቱ ጭስ በፕላስቲክ ቱቦ፣ ብዙውን ጊዜ በጎን ግድግዳ በኩል የሚወጣው ለዚህ ነው። ውሃው የሚወርድበት ቀጭን ቱቦና ሲፎንም አለው፤ ሲፎኑ በቆሻሻ ሲደፈን ውሃው ተመልሶ ማሞቂያውን ያቆመዋል።

ሁለቱም ቱቦዎች ከማሞቂያው እየራቁ ሲሄዱ በእያንዳንዱ ጫማ ሩብ ኢንች፣ በሜትር ሁለት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ እንዲሉ ይደረጋል። ዝንባሌው አንድ ቢሆንም ምክንያቱ ሁለት ነው። በብረቱ ቱቦ ውስጥ ትኩሱ ጭስ ወደ ላይ መውጣት አለበት፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ደግሞ ውሃው ወደ ማሞቂያው መመለስ አለበት። ማሰሪያው ላልቶ መሐሉ የጎበጠ የፕላስቲክ ቱቦ ውሃ ይቋጥርና የጭሱን መንገድ ይዘጋል።

የፕላስቲኩ ቱቦ ጫፍ ከሚጠበቀው የበረዶ ከፍታ በላይ ቢያንስ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት የመትከያ መመሪያዎች ይደነግጋሉ። ያም ሆኖ ነፋስ የሚከምረው በረዶ ልክ አያውቅም። ከከባድ በረዶ በኋላ መኪናን ከመጥረግ አስቀድሞ ቤቱን ዞሮ እነዚህን ሁለት ነጭ ቱቦዎች ማየት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

ቤቱን የሚያሳድስ ሰው ብዙ ጊዜ የማይነገረው አንድ ነገር ደግሞ አለ። በአሮጌ ቤቶች ማሞቂያውና የውሃ ማሞቂያው አንድ ጭስ ማውጫ ይጋራሉ። ማሞቂያው ባለ 90 በመቶ በሆነው ሲተካ ጭሱ በፕላስቲክ ቱቦ በጎን ይወጣና የውሃ ማሞቂያው በትልቁ ጭስ ማውጫ ብቻውን ይቀራል። የአሜሪካ ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን የውሃ ማሞቂያ "ወላጅ አልባ" ይሉታል። ለሁለት የተለካው ጭስ ማውጫ ለአንድ ይሰፋዋል፤ ትንሹ ጭስ በሰፊው ጉድጓድ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ወደ ቤትም ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው ጠበብ ያለ የብረት ቱቦ በጭስ ማውጫው ውስጥ ማስገባት ወይም የውሃ ማሞቂያውን መለወጥ ነው። አዲስ ማሞቂያ በርካሽ ዋጋ ሲቀርብ ይህ ሥራ በሒሳቡ ውስጥ መኖሩን መጠየቅ ይገባል።

ብሎወሩ የጭሱን መንገድ ሲያጣምም

ብሎወር ሲነሣ ሰው የሚያስበው ስለ ሙቀት እንጂ ስለ ጭስ አይደለም። ሆኖም ቁጥሮቹ ሌላ ይናገራሉ። ከላይ የተጠቀሰው ማሞቂያ ለቃጠሎ በሰዓት 800 ኪዩቢክ ጫማ ያህል አየር ሲፈልግ፣ ብሎወሩ በአንድ ደቂቃ ብቻ ከ1,000 ኪዩቢክ ጫማ በላይ ያንቀሳቅሳል። ብዙ ማሞቂያዎች 125 ፓስካል ገደማ የሆነ የቱቦ ተቃውሞን ተቋቁመው እንዲሠሩ የተነደፉ ናቸው። የተለመደው የውሃ ማሞቂያ ግን ጭሱን የሚያወጣው በሞቃት አየር ቅለት ብቻ ስለሆነ የሚስብበት ኃይል ጥቂት ፓስካል ነው። ሁለቱ በአንድ ጠባብ ክፍል ቢፎካከሩ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ አያጠራጥርም።

ፉክክሩ የሚጀምረው በመመለሻው ቱቦ ላይ ቀዳዳ ሲኖር ነው። የፊልትሮው ክዳን ጠፍቶ ወይም የቆርቆሮው መገጣጠሚያ ተላቆ ከሆነ፣ ብሎወሩ አየር የሚስበው ከመኝታ ቤቶቹ ብቻ ሳይሆን ከማሞቂያው ክፍል ጭምር ነው። ክፍሉ አየር ይጎድልበታል፤ ከውጭ ለመተካት የሚቀርበው መንገድ ደግሞ የጭስ ማውጫው ይሆናል። ጭሱ ወደ ታች ይወርዳል፣ ብሎወሩም ወደየመኝታ ቤቱ ያከፋፍለዋል። ስለዚህ በመመለሻው ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳ የሙቀት ብክነት ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። መገጣጠሚያዎቹ በቱቦ ማሸጊያ ቅባት ወይም ሙቀት በሚችል የአሉሚኒየም ፕላስተር ይደፈናሉ። ተራ የጨርቅ ፕላስተር ውሎ አድሮ ይደርቅና ይላቀቃል።

ሌላው የብሎወር ጠላት በፊልትሮ የሚጀምር መታፈን ነው። ፊልትሮው በአቧራ ሲደፈን በሙቀት ማስተላለፊያው ላይ የሚያልፈው አየር ያንሳል፤ ብረቱም ከመጠን በላይ ይግላል። ከልክ ያለፈ ሙቀትን የሚቆጣጠር ማብሪያ እሳቱን ያጠፋዋል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይለቀዋል። ይህ ሲደጋገም ብረቱ እየተለጠጠና እየተኮማተረ ቆይቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። ያን ጊዜ በሁለቱ አየሮች መካከል ያለው ድንበር ይፈርሳል። ጥቂት ዶላር የሚያወጣ ፊልትሮና ሺህ ዶላሮች የሚጠይቀው ሙቀት ማስተላለፊያ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው።

የተለመደው የ1 ኢንች ፊልትሮ በክረምት በየወሩ ይታያል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜም ይለወጣል። ጠርዙ ላይ ያለው ቀስት ወደ ብሎወሩ ማመልከት አለበት። "ምርጡ ይሻላል" ብሎ እጅግ ደቃቅ አቧራ የሚይዘውን መግዛት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ ጥቅጥቅ ያለ ፊልትሮ ለዚያ ባልተነደፈ ማሞቂያ ላይ አየሩን ያፍናል። ብርድ ነው ተብሎ ያልተያዙ ክፍሎችን ፍርግርግ በሙሉ መዝጋት፣ ወይም መመለሻው ላይ ሶፋ ማስጠጋትም ውጤቱ ያው ነው።

ነዋሪው ምን ይችላል? ባለሙያውስ?

ፊልትሮ መለወጥ፣ በማሞቂያው ዙሪያ ቤንዚን፣ ቀለምና ካርቶን አለማስቀመጥ፣ የውጭውን ቱቦ ከበረዶና ከቅጠል መጠበቅ፣ ነበልባሉ በመስኮቱ የሚታይ ከሆነ ማየት የነዋሪው ድርሻ ነው። ጤነኛ ነበልባል ሰማያዊና የተረጋጋ ነው። ቢጫ ሆኖ የሚወዛወዝ፣ በተለይም ብሎወሩ ሲነሣ የሚበተን ነበልባል ባለሙያ ያስፈልገዋል፤ ነፋሱ በስንጥቅ እየገባ ሊሆን ይችላልና። በብረት ቱቦው መገጣጠሚያ ላይ ዝገት ወይም ነጭ ዱቄት መሰል ነገር፣ በውሃ ማሞቂያው አናት ዙሪያ የጥቁር ጭስ ምልክት፣ በመስኮቶች ላይ ያልተለመደ ላብ መታየትም እንዲሁ የጭስ መመለስ ምልክቶች ናቸው።

ባለሙያው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ብርዱ ሳይገባ ሲመጣ ሽፋኑን ከፍቶ አቧራ ጠርጎ መሄድ ብቻውን አይበቃም። የብሎወሩን ክንፎች ያጸዳል፤ ሞተሩ የሚነሣበትን ካፓሲተር ይለካል፤ ወደ ማሞቂያው በሚገባውና ከእሱ በሚወጣው አየር መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት በመሣሪያው ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ወሰን ውስጥ መሆኑን ያያል። በጭሱ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ በመሣሪያ ይለካል፤ የጭስ ቱቦውን እስከ ጫፉ ይከተላል። የልኬት ቁጥሮች ያልተጻፉበት ደረሰኝ የሚነግረው ሰው መምጣቱን ብቻ ነው። አዲስ ማሞቂያ ሲተከል ደግሞ በአብዛኞቹ ከተሞች የማዘጋጃ ቤት ፈቃድና ምርመራ ግዴታ ነው። ዋጋ ለመቀነስ ፈቃዱን የሚዘል ተካይ ነዋሪውን ከገለልተኛ ተመልካች ዓይን ያሳጣዋል።

ተከራይ ከሆነ ማሞቂያውን መጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው። በርካታ የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች በሚኖሩበት በሚኒሶታ፣ ከ2024 መባቻ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ሕግ አከራዮች ከጥቅምት 1 እስከ ሚያዝያ 30 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት እንዲያቀርቡ ያዛል። የዚያው ግዛት ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ፣ በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዲኖርም ይጠይቃል። አቤቱታን በጽሑፍ፣ ቀን ጠቅሶ ማቅረብ ከስልክ ንግግር የተሻለ ማስረጃ ይሆናል።

መብራት ሲጠፋ

የጋዝ ማሞቂያ ጋዝ ስላለው ብቻ አይሠራም። ሁለቱም ማራገቢያዎች የኤሌክትሪክ ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ጋዙ በቧንቧው ውስጥ እያለ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ብዙ ሕይወት የጠፋውም በእንዲህ ያሉ ሌሊቶች ነው። በታኅሣሥ 2006 በሲያትልና አካባቢው የተነሣው የነፋስ ማዕበል ከአንድ ሚሊዮን በላይ ደንበኞችን መብራት ሲያሳጣ፣ በቤት ውስጥ ከሰል በማንደዳቸው ተመርዘው ወደ ሕክምና ከሄዱት መካከል ብዙዎቹ ስደተኞች ነበሩ። በየካቲት 2021 በቴክሳስ የኤሌክትሪክ መረብ በብርድ ሲሽመደመድ፣ በሂዩስተን አንድ የኢትዮጵያ ተወላጆች ቤተሰብ በጋራዥ ውስጥ የተነሣ መኪና በለቀቀው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሁለት አባላቱን አጥቷል።

ከሰል፣ ጀነሬተር፣ የተነሣ መኪናና የተከፈተ የጋዝ ምድጃ የማሞቂያውን ቦታ ሊተኩ አይችሉም፤ ጭሳቸውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ የላቸውምና። መስኮት ገርበብ ማድረግም አያድንም።

የማስጠንቀቂያው ደወል በባትሪ የሚሠራ ወይም መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ቢሆን ይመረጣል። በአሜሪካ መለኪያ መሠረት፣ በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 400 እጅ ሲደርስ ደወሉ ከ4 እስከ 15 ደቂቃ ውስጥ፣ 70 እጅ ሲሆን ደግሞ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ውስጥ መጮህ አለበት። ዕድሜው እንደ ሥሪቱ ከ5 እስከ 10 ዓመት ሲሆን፣ የተሠራበት ወይም የሚተካበት ቀን ብዙውን ጊዜ ጀርባው ላይ ይገኛል። ድምፁን መለየትም ያስፈልጋል። በየደቂቃው ገደማ የምትሰማ አንዲት አጭር ጩኸት ባትሪው ማለቁን ወይም ዕድሜው ማብቃቱን ትናገራለች። አራት ጊዜ ተከታትሎ ጮኾ፣ ትንሽ አርፎ እንደገና አራት ጊዜ የሚጮኸው ግን መርዙን አግኝቷል፤ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ 911 የሚደወለውም ከደጅ ሆኖ ነው።